ስኳር የሌለበት ጠርሙስ

እኔ ጠርሙስ አጣቢ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ጠርሙስ ሳጥብ ኖሬያለሁ። ያጠብኳቸው ጠርሙሶች ቢደረደሩ ከዚህ ተነስተው ጨረቃን አንዴ ዞረው፣ መንገድ ላይ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። ስለ ጨረቃው ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፤ ስለ ሃያ ሁለቱ ዓመት ግን ወገቤን ጠይቁት። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው። እኔ ሳወራው ግን መምህሩ ከእኔ የሚማረውን ተምሮ ስለጨረሰ አመስግኖ ነው ያሰናበተኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሜን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ ራዲዮ ነኝ፤ ያለ ባትሪ ቀኑን ሙሉ ስለማወራ።

የምሠራበት ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከቆመ ቆይቷል። ደረጃውን ወጥቼ ስጨርስ ነፍሴ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ ትከተለኛለች፤ እስክትደርስልኝ በሩን ተደግፌ እጠብቃታለሁ። ውስጥ ስትገቡ በግራ በኩል የእኔ ማጠቢያ አለ። ከማጠቢያው አጠገብ እንደ አስም በሽተኛ የሚተነፍስ ፍሪጅ፣ ቀጥሎ ሴሎቹ የሚኖሩበት ማሞቂያ ሣጥን፣ ጥግ ላይ ደግሞ በጥቁር መጋረጃ የተከለለ ማይክሮስኮፕ። በዚህ ሁሉ መሃል ዶክተሯ። ገና አርባ አልሞላትም፤ ዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት ግን ሰባ አልፎታል። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። እዚህ ግን እኔና እናንተ ብቻ ስለሆንን እሷ እያልኩ ባወራላችሁ አትናገሩብኝ።

ሥራዋን በገባኝ ልክ ልንገራችሁ። ሰውነታችን ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ሴል ስኳር ትበላለች። በሯ ሲከፈት ትጎርሳለች፤ በሯ ሲዘጋ ስኳሩ ደም ውስጥ ተኮልኩሎ ይቀራል፤ ያኔ ነው ሰውየው ስኳር ያዘው የሚባለው። የትኛዋ ሴል ስንት እንደጎረሰች ግን በዓይን አይታይም። ዶክተሯ ምን አደረገች? ስኳሩ ላይ የሚያበራ ቀለም ለጠፈችበት። ሴሏ ያው የለመደችው ስኳር መስሏት ትውጠዋለች። ከዋጠችው በኋላ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍባት ሆዷ አረንጓዴ ይበራል። ሳትሞት፣ ሳትቀደድ፣ በቁሟ እየኖረች። እነሱ ፍሎረሰንት ይሉታል። እኔ አምፖል የዋጠች እላታለሁ።

ይህን ስኳር መሥራት ብቻ ሦስት ዓመት ፈጀባት። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ቀን በራ። በዓይኔ አላየሁትም፤ ከመጋረጃው ውስጥ የወጣውን እልልታ ግን ሰምቻለሁ። ሁለት ብልቃጥ ከእጄ አምልጠው ወለሉ ላይ ተሰባብረዋል፤ እሷ ራሷ ጠረገችልኝ። ከዚያ በኋላ፣ ልክ ከሁለት ወር ወዲህ፣ ጨለመ። ሴሎቹ ያው ሴሎች፣ ስኳሩ ያው ስኳር፣ ሰማያዊው ብርሃንም ያው ብርሃን፤ አረንጓዴው ግን የለም። ፍሪጁ ከኮሪደር ተነስቶ እኔ ማጠቢያ አጠገብ የመጣውም በዚያው ሰሞን ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

አሁን የማልኮራበትን ልናገር።

ከሁለት ሳምንት በፊት ዶክተሯ እንደ ወትሮው ሳህኖቿን ይዛ ልትገባ ስትል ፊቷን አየሁት። የታጠበ ጨርቅ መስሏል። እስቲ ትንሽ ላስቃት አልኩ። ተማሪዎች መጽሐፍ ላይ መስመር የሚያሰምሩበት ቢጫ እስክሪብቶ አለ አይደል፤ ያ ቀለም በሰማያዊው ብርሃን ሥር ቦግ እንደሚል አውቃለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት በከንቱ አልኖርኩም። አንድ ባዶ ሳህን አነሳሁና ግርጌው ላይ የሚስቅ ፊት፣ ሁለት ዓይንና ሠላሳ ሁለት ጥርስ ስዬ ከሳህኖቿ መሃል ሸጎጥኩት።

መጋረጃው ውስጥ ገባች። ትንሽ ቆይታ፣

“በራ!” አለች። “ጋሽ ራዲዮ፣ በራ! ይምጡ፣ ይምጡ ይዩ!”

ድምፅዋ የሕፃን ሆነ። እኔ አፌን ይዤ ሳቋን እጠብቃለሁ። ከዚያ ዝም አለች። ማይክሮስኮፑን ወደ ጎን ስታንቀሳቅስ ጥርሶቹ ደርሰውባት መሆን አለበት።

ወጣች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ በወደድኩ። ጀርባዋን ለፍሪጁ ሰጥታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

“እርስዎ ነዎት?”

“ትንሽ ቢስቁልኝ ብዬ ነው፣ ዶክተርዬ…”

“ደክሞኛል፣ ጋሽ ራዲዮ” አለችኝ። “በጣም ነው የደከመኝ።”

ከዚያ ቀን ወዲህ ለእኔ የምትናገረው “ጠርሙስ” እና “እሺ” ብቻ ሆነ። ፍሪጁ ብቻ ያቃስታል።

ሰኞ ዕለት አለቃው መጣ። መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር፣ ክፋት የሌለው ሰው ነው፤ ግን ከላይ ሲጮሁበት ወደ ታች ሳያስተላልፍ ማደር አይችልም። ደረጃው አድክሞት መጀመሪያ ወንበር ፈለገ።

“የሚያበራው ስኳር ስንት ቀረሽ?” አላት።

“ለአንድ ሙከራ።”

“እንደገና ለመሥራትስ?”

“አራት ወር።”

“አራት ወር የለንም። ሐሙስ ቀትር ላይ እመጣለሁ። የበራ ሴል ካላየሁ ክፍሉን ለደም ምርመራዎቹ እሰጠዋለሁ። እኔ ፈልጌ አይምሰልሽ።”

“ገብቶኛል” አለች። አልተከራከረችም። አለቃው ራሱ ክርክር ሲጠብቅ ኖሮ ግራ ገብቶት ሄደ። እሷ የማሞቂያውን ሣጥን ከፍታ ሳህኖቿን ስታይ ቆየችና መልሳ ዘጋችው። በቃ፣ አንድ ሙከራ። ሦስት ዓመት ለአንድ ሐሙስ ተጠቅልሎ መጣ።

ቤቴ ደግሞ ሌላ ስኳር አለ። እህቴ፣ እትዬ የምላት፣ ያሳደገችኝ ታላቄ ናት። ስኳር ከያዛት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይቺ ሴት ከመኪና ጋር ብትጋጭ መኪናው ነው ጋራዥ የሚገባው፤ መርፌ ግን ትፈራለች። ጣቷን ወግታ ያቺን ጠብታ ደም ለማውጣት ግማሽ ቀን ትለማመናለች። ስለዚህ ወግ አበጀን። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ እሷ ጣቷን ትዘረጋለች፤ እኔ አንድ ውሸት እጀምራለሁ። ውሸቱ መሃል ላይ ሲደርስ መርፌዋን ጠቅ ታደርጋለች። ውሸቱ ጥሩ ከሆነ አይሰማትም።

ማክሰኞ ዕለት የነገርኳት ስለ አይጡ ነበር።

“ዛሬ አንድ አይጥ የዶክተሯን ስኳር ሰርቆ በላ” አልኳት።

“ውይ! ከዚያስ?”

“ከዚያማ ሆዱ በራ። አረንጓዴ ሆኖ ሰፈሩን ሲዞር ድመት ሁሉ የጸጥታ መኪና መስሏት መንገድ ለቀቀችለት። መብራት የጠፋበት ቤት ሰዉ ጠርቶ አስገባው፤ ልጆቹ በእሱ ብርሃን የቤት ሥራ ሠሩ። አሁን በወር እየተከፈለው…”

ጠቅ። እየሳቀች የስኳር መለኪያዋን ቀጭን ወረቀት፣ ስትሪፑን፣ ወደ ደሟ አስጠጋች። መለኪያው ቁጥሩን አወጣ።

“ዛሬ እንኳን ደህና ነኝ” አለች። “ስትሪፕ ሦስት ነው የቀረኝ፤ አዲሱ የሚመጣው በሌላው ሳምንት ነው። አንተ ግን ምነው ከስተሃል?”

“ሥራ ነው፣ እትዬ።”

“ውሸትህም ከስቷል። ድሮ አይጡ ቢያንስ ያገባ ነበር።”

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ዶክተሯ ዳቦዋን ቆማ እየበላች ነበር። ማሞቂያውን ከፍታ ሴሎቿን ታናግራለች።

“ለምንድን ነው የማትበሉልኝ?” አለቻቸው። “ምን አጠፋሁ?”

ከማጠቢያዬ ሆኜ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። እንዲያ ስትለምን አንጀቴን በላችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያዳፈንኩት አፌ አልቻለም።

“ምን ብለው ነው እምቢ ያሉት፣ ዶክተርዬ?”

ዞራ አየችኝ። ላለመናገር ፈልጋ ነበር፤ ግን የደከመው ሰው ዝም ማለትም ይደክመዋል መሰለኝ ተናገረች።

“የሚያበራውን ከመስጠቴ በፊት አንድ ሰዓት አስርባቸዋለሁ” አለች። “ስኳር በሌለበት ሾርባ ውስጥ አቆያቸዋለሁ። የተራበ ሴል ያገኘውን ነው የሚጎርሰው። እነዚህ ግን ልክ እንደጠገበ ሰው ናቸው። የቀረበላቸውን ዞረው አያዩትም። ከየት እንደሚጠግቡ ነው ያልገባኝ።”

ሾርባ የምንለው ሴሎቹ የሚዋኙበትን ቀይ ፈሳሽ ነው፤ ስንፈልግ ምግባቸው፣ ስንፈልግ ውሃቸው።

“ስኳር የሌለበት የትኛው ጠርሙስ ነው?” አልኳት፤ እንዲያው ለወሬ ማራዘሚያ።

“ነጭ ፕላስተር የተለጠፈበት።”

ክው አልኩ። እጄ ላይ የነበረው ጠርሙስ እንዳለ ቀረ፤ ውሃው እየሞላ በላዬ ላይ ይፈሳል።

እንዲህ ነው። እኔ ሁለት ግማሽ ጠርሙስ ጎን ለጎን ቆሞ ማየት አልችልም። እትዬ ስታሳድገኝ ቤታችን ጠባብ ነበር። ዘይት ቢሆን፣ ጋዝ ቢሆን፣ ግማሽና ግማሽ ካየች አንዱን ባንዱ ላይ ትገለብጥና ባዶውን ታጥባለች። እጄ ይህን ተምሮ አደገ። ፍሪጁ አጠገቤ ከመጣ ወዲህ የታችኛውን መደርደሪያ ባየሁ ቁጥር ያው ነው፤ ቀይ ግማሽ፣ ቀይ ግማሽ። አንዱ ፕላስተር አለበት፣ አንዱ የለበትም። ፕላስተሩ “ይህ ቀድሞ ተከፍቷል፣ ይህ ቀድሞ ይለቅ” ማለት መስሎኝ ነበር። እሷ ምሳ ስትወጣ፣ ጓንት አድርጌ፣ አፉን በአልኮል ጠርጌ፣ አጠገቡ እሳቱን ለኩሼ፣ ልክ እሷ ስታደርግ እንዳየሁት አድርጌ፣ ፕላስተር የሌለበትን ፕላስተር ባለበት ላይ እገለብጠው ነበር። እሷ ባዶ ጠርሙስ እንዳታጣ፤ አንድ ሥራ ላቀልላት ብዬ። ሁለት ወር ሙሉ።

እሷ ታስርባቸዋለች፤ እኔ ከኋላዋ ዞሬ አበላቸዋለሁ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደረጃ ከመውረድ በገላገለችኝ። ቧንቧውን ዘጋሁና፣

“ዶክተርዬ” አልኳት፣ “ያጠገብኳቸው እኔ ነኝ።”

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ፕላስተሩ፣ ስለ ግማሽና ግማሹ፣ ስለ እሳቱ። ዳቦዋን ይዛ አዳመጠችኝ። ስጨርስ ፊቷ ላይ ቁጣ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የመጣው ያ የታጠበ ጨርቅ ነው።

“ጋሽ ራዲዮ፣ እባክዎ ዛሬ አይደለም።”

“እውነቴን ነው!”

“ጠርሙሱን ሰው ነክቶት ቢሆን ሁለት ወር ሙሉ ሳይሻግት ይቆያል? ይሄም ሲያልቅ ጥርስ ተስሎበት ነው የማገኘው?”

“በእናቴ ሞት እላለሁ!”

“በእናትዎ ሞት ብለው አይደል የሚሽከረከረው ማሽን አንድ ተማሪ አሳፍሮ ሄደ ያሉኝ? አለቃችንንስ ሴሎቹ ዓርብ ዓርብ ይዘፍናሉ ብለው ጆሮውን ሣጥኑ ላይ አላስለጠፉትም?”

ሁለቱንም ብያለሁ። አለቃው እንዲያውም ትንሽ የሰማ መስሎት ነበር።

“ነገ የመጨረሻዬ ነው” አለች ዳቦዋን ወረቀት ላይ እያስቀመጠች። “ይተዉኝ፣ በሰላም ልጨርስ።” ደብተሯን ይዛ ወጣች።

ብዙ ሰው በውሸቱ ሲቀጣ አይቻለሁ። እኔ ግን በእውነቴ ስቀጣ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሾርባውን ልድፋላት? ጠርሙሱን ልስበረው? አንዱን በሌላ ልተካ? አሁን ደግሞ በዚህ እጄ ሌላ ጠርሙስ ልንካ! እጄን አየሁትና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ማታ ቤት ስገባ እትዬ ተኝታለች። የስኳር መለኪያዋ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የስትሪፑ ብልቃጥ ከጎኑ። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። መለኪያው እኔን አያውቀኝም። ራዲዮ ይሁን፣ ጋዜጣ ይሁን፣ ማን እንደጨመረው አይጠይቅም። ያለውን ይናገራል።

በማለዳ መለኪያውንና ሁለት ስትሪፕ ኪሴ ከተትኩ። አንዱን ለእሷ ተውኩላት። ስወጣ እንቅልፏ ውስጥ ሆና ስታስል ሰማሁ፤ ልመለስ ብዬ እግሬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

ዶክተሯ መጥታ ክፍሉን ስትከፍት ቀድሜያት ገብቼ ፍሪጁ በር ላይ ቆምኩ።

“ዞር ይበሉልኝ።”

“አንድ ደቂቃ። እኔን አይመኑ፤ ይሄንን ይመኑ።” መለኪያውን አሳየኋት።

“ይሄ የደም መለኪያ ነው።”

“ስኳር መለኪያ ነው። ራስዎ ያንጠባጥቡበት። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ እዚያ ግድግዳው ጋ እቆማለሁ።”

አየችኝ። ለመጨቃጨቅ ጉልበት አልነበራትም፤ ያተረፈኝ ድካሟ ነው እላለሁ። ፕላስተር ያለበትን ጠርሙስ አወጣች፤ በቀጭኗ መምጠጫ፣ በፒፔት፣ አንድ ጠብታ ቀዳች፤ ስትሪፑን አስጠጋች። መለኪያው እንደ ልማዱ ወደ ታች ቆጠረ፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት… እኔ ግድግዳው ላይ ሆኜ የእትዬን ደም ሲለካ እንኳን እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ።

ቀና ብላ አየችኝ፤ መልሳ ቁጥሩን አየች።

“አሁን ማታ ስኳር ጨምረውበት ቢሆንስ?”

“የክፍሉ ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው ያደረው።”

“መለኪያው ለማንኛውም ፈሳሽ ቁጥር የሚሰጥ ቢሆንስ?”

“እሱን አላውቅም። አንድ ስትሪፕ ግን ቀርቷል።”

መደርደሪያው ላይ ካለው ካልተከፈተ ቆርቆሮ ስኳር የሌለበትን የሾርባ ዱቄት በማንኪያ ጫፍ አነሳች፤ በንጹሕ ውሃ በጠበጠች። ቀለሙ ያው ቀይ። ሁለተኛውን ስትሪፕ አስገባች። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። መለኪያው ቁጥር አላወጣም። ከመጠን በታች ነው አለ፤ እትዬ ላይ ቢል አምቡላንስ ያስጠራ ነበር።

ዶክተሯ መለኪያውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

“ሁለት ወር” አለች። “እኔ እያስራብኩ አንተ ከኋላዬ እያበላህ? ሁለት ወር ሙሉ?”

አንቱታው ቀረ። ደግሞም ይገባኛል።

“አዎ።”

“እንቅልፍ አጥቼ ስኳሩን ስጠረጥር፣ ሴሎቹን ስጠረጥር፣ ራሴን ስጠረጥር! ዘጠኝ ሙከራ! እሱን ስኳር ለመሥራት ስንት ጊዜ ጣቴን እንዳቃጠልኩ ታውቃለህ?”

“ፋሻውን አይቻለሁ።”

“ያቺ ወንበር ትታይሃለች? እሷ ላይ ተቀመጥ። እንዳትነሳ፣ እንዳትነካ፣ እንዳትናገር።”

ተቀመጥኩ። እስከ ቀትር ድረስ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ይህን የሚያምነኝ ቢገኝ እጁን እስማለሁ። ዱቄቱን መዘነች፣ በጠበጠች፣ በማጣሪያ አሳለፈች። አልፎ አልፎ ትቆምና ሁለት ጊዜ ትተነፍስና ትቀጥላለች። አንድ ጊዜ የማጣሪያው አፍ ሊያመልጣት ሲል ተነሥቼ ልይዝላት ነበር፤ ቂጤ ከወንበሩ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ሲል በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ሴሎቹን ከድሮው ሾርባ አውጥታ አጠበቻቸው፤ አዲሱን ሰጠቻቸው። አንድ ሰዓት ተራቡ። እኔም አብሬያቸው ተራብኩ፤ ቁርስ አልበላሁም ነበር። ከዚያ የመጨረሻውን ብልቃጥ አወጣች። ግርጌው ላይ ያለው ስኳር የምስጥ እንባ አያክልም። እሱን ለሳህኖቹ አከፋፈለችና ማሞቂያውን ዘጋች፤ ግማሽ ሰዓት ግንባሯን የሣጥኑ በር ላይ አሳርፋ ቆመች። የተኛች መሰለኝ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በዓይኔ እየገፋሁ አሳለፍኩት።

አለቃው በሰዓቱ መጣ፤ እያለከለከ። ወንበር ሲፈልግ እኔ ያለሁበት ብቻ ነው። ልነሣለት ስል፣

“አይነሳም” አለች ዶክተሯ። አለቃው ምን እንደሆነ ሳይገባው ቆመ።

ሳህኖቹን አጥባ መጋረጃው ውስጥ ገባች። የሰማያዊው መብራት ማብሪያ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከዚያ ምንም። እልልታ የለም፣ ጩኸት የለም። ፍሪጁ ብቻ። በቃ፣ ሁለት ወር ጠግበው ኖረው ራብ ረስተዋል አልኩ በልቤ፤ እኔው ነኝ የገደልኳት።

“ይምጡ” አለች። ለአለቃው ነው።

ገባ። መነጽሩን ሲያደርግ፣ ሲያወልቅ፣ ሲያደርግ ይሰማኛል።

“ይሄ… ያ እስክሪብቶ አይደለም አይደል?” ወሬው እሱም ጋ ደርሶ ኖሯል።

“አይደለም።”

“ይሄኛው ለምን ጨለመ?”

“እሱን ስኳር ባለው ሾርባ ነው ያቆየሁት። ጠግቧል። ይሄ የተራበው ነው። ይሄ ደግሞ የተራበና በሩን የሚከፍተው መድኃኒት የተጨመረበት።”

አለቃው ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑን እያሸ ነበር።

“ክፍሉ ይቆይ” አለ። “ምስሎቹን ሰኞ አምጪልኝ። ከላይ ያሉትም እስኪያምኑኝ ድረስ ደረጃ መውጣትና መውረዴ ነው…” እያጉረመረመ ሄደ።

ዶክተሯ መጋረጃውን ይዛ ቆመች። ደስ ያላት አትመስልም። ከባድ ዕቃ አውርዳ ትከሻዋ ገና ያላመነ ሰው ነው የምትመስለው።

“ይምጡ” አለችኝ። አንቱታው ተመለሰ፤ ግን የቀዘቀዘ ሻይ ዓይነት ነው። “አንድ ጊዜ ይዩ።”

ዓይኔን አስጠጋሁ። ስለዚህ ነገር ብዙ አውርቻለሁ፤ አይጥ አብርቼበታለሁ፣ ሰፈር አብርቼበታለሁ። በእውነት ያየሁት ግን ትንሽ ነገር ነው። ጥቁር ሜዳ ላይ ረዘም ረዘም ያሉ፣ ጎን ለጎን የተኙ አረንጓዴ ነገሮች። መሃላቸው ደማቅ ነው፣ ጠርዛቸው ደብዘዝ ይላል። አይንቀሳቀሱም። እየበሉ ነው። የምጨምርበት ነገር ፈለግኩና አጣሁ።

“ፕላስተር ለጥፌ ሰው ሁሉ ይገባዋል ብዬ መተዌ የእኔ ጥፋት ነው” አለች ከኋላዬ። “ዛሬ በትልቁ እጽፍበታለሁ። ፍሪጁም ቁልፍ ይገባለታል። ቁልፉ እኔ ጋ ይሆናል።”

“እሺ።”

“ይቅርታ አድርጌልዎት አይደለም። ገና ነኝ። ሲመጣ እነግርዎታለሁ።”

“እሺ፣ ዶክተርዬ።”

“መለኪያው የማን ነው?”

“የእህቴ።”

“ስትሪፕ ቀርቷታል?”

“አንድ።”

መለኪያውን በአልኮል ጠርጋ፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። “ዛሬ ቀድመው ይሂዱ” አለች። ዞር ብዬ ሳያት ወለሉ ላይ፣ በዚያው ፍሪጁን ተደግፋ፣ ቁጭ ብላ ዓይኗን ጨፍናለች።

ደረጃውን ስወርድ ነፍሴ ከእኔ ቀድማ ወረደች።

እትዬ በሩ ላይ ነው የጠበቀችኝ። ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ እንዳገላበጠችው ያስታውቃል።

“አንተ፣ መለኪያዬስ? ስትሪፕስ? ሦስት አልነበረም?”

“ቁጭ በይ፣ እትዬ። ሐሙስ ነው፤ ጣትሽን አምጪ።”

ተቀመጠች፤ እያኮረፈች ጣቷን ዘረጋች። ያችን የመጨረሻዋን ስትሪፕ መለኪያው ላይ ሰካሁላት። መርፌዋን ያዘች።

“ጀምር እንግዲህ።”

“የዶክተሯን ጠርሙስ ለካሁበት” አልኳት።

“ጠርሙሱን? ጠርሙሱ ስኳር ያዘው?” ሳቅ ጀመራት። “ኪኒን ታዘዘለት? ከዚያስ?”

“ከዚያ ስኳር ተገኘበት። ስኳር የሌለበት ጠርሙስ ነበር። የጨመርኩበት እኔ ነኝ፤ ግማሽና ግማሽ ጠርሙስ ሳይ እንደምታደርጊው አድርጌ። ሁለት ወር ልፋቷን ገደል ከተትኩባት። ትናንት ነገርኳት፤ ዛሬ አመነችኝ። ሴሎቹ በሩ። አየኋቸው። አረንጓዴ ናቸው። በቃ።”

ጠቅ።

“ኡይ!” አለች እትዬ። እጇን ሰበሰበች። ጠብታዋ ጣቷ ላይ ቆማ፣ ስትሪፑን ረስታ፣ እኔን ታያለች።

“ምነው?” አልኳት።

“ተሰማኝ” አለች። “መርፌው ተሰማኝ እኮ።” ድምፅዋ ዝቅ አለ። “አንተ… እውነትህን ነው እንዴ?”

“ደሙ ሳይደርቅ አስጠጊው፣ እትዬ። ሌላ ስትሪፕ የለንም።”

ጣቷን ወደ መለኪያው አስጠጋች። ሁለታችንም ሲቆጥር አየነው።